ኩፍኝ፣ ሩቤላና መከላከያ ክትባታቸው፤ ለምእመናንና ለካቴኪስቶች የተዘጋጀ ትምህርት



በደባርቅና በዳባት ወረዳዎች፣ ከሊማሊሞ ቁልቁለት በታችም ወደ አዲ አርቃይ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ የሚኖር ሰው ኩፍኝ ምን ዓይነት በሽታ እንደ ሆነ ከመጽሐፍ መማር አያስፈልገውም፤ በቤቱ ወይም በጎረቤቱ አይቶታልና። ብዙዎቻችን ያደግነው ኩፍኝን ማንኛውም ልጅ ሳያልፍበት የማይቀር መንገድ አድርጎ በሚቆጥር ኅብረተሰብ ውስጥ ነው። ልጁ ካለፈ «ተመስገን» ይባላል፤ ካላለፈም «ዕድሜው ያ ነበር» ተብሎ ይለቀሳል። በዚህ እትም ልናስረዳ የወደድነው ይህ አስተሳሰብ መሠረት የሌለው መሆኑን ነው። ኩፍኝ በሁለት መርፌ የሚቀር በሽታ ነው።

ነገራችንን ከከብት እንጀምር። አባቶቻችን «ክፉ ቀን» ብለው የሚጠሩት፣ እ.ኤ.አ. ከ1888 እስከ 1892 የደረሰው ታላቅ ረኃብ ዋና መነሻው የከብት እልቂት እንደ ነበረ ይታወቃል። በምጽዋ በኩል ከገቡ ከብቶች ጋር የመጣው የከብት ደስታ በሽታ የሀገሪቱን ከብት አብዛኛውን ፈጀ፤ በሬ በመጥፋቱም እርሻ ተስተጓጎለ፤ ረኃብም ሰዉን ፈጀው። የሕክምና ሊቃውንት እንደሚያስረዱት የኩፍኝ ቫይረስና የከብት ደስታ ቫይረስ የአንድ ዘር ቅርንጫፎች ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ አንድ ጥናትም ሁለቱ የተለያዩበትን ጊዜ ከክርስቶስ ልደት በፊት ስድስተኛው መቶ ዓመት ገደማ ያደርገዋል። ከእነዚህ ሁለት ዘመዳሞች አንዱ ዛሬ በምድር ላይ የለም። የከብቱ በሽታ በክትባት ዘመቻ ተገፍቶ በሀገራችን ለመጨረሻ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. በ1995 ሲሆን፣ በ2011 ከዓለም መጥፋቱ በይፋ ታውጇል። በአፋር በረሓ ሙቀት የሚችለውን ክትባት በእግር ይዘው ከመንጋ ወደ መንጋ እየተዘዋወሩ የከተቡት ከአርብቶ አደሩ መካከል የሠለጠኑ ሰዎች መሆናቸውም ሊዘነጋ አይገባም። እንግዲህ ዛሬ በደባርቅ ገበያ ከሚቆሙት በሬዎች አንዱ እንኳ በደስታ በሽታ አይሞትም። ለበሬው የተደረገለት ለልጁ ገና አልተሟላለትም።

ኩፍኝ የሚተላለፈው በእስትንፋስ ነው። የታመመው ሲያስልና ሲያስነጥስ ቫይረሱ በአየር ላይ ይበተናል፤ ሰውዬው ከቤት ከወጣ በኋላም እስከ ሁለት ሰዓት ድረስ በዚያው አየር ውስጥ ሊቆይ ይችላል። ክትባት ያላገኙ፣ በሽታውም ቀድሞ ያልያዛቸው 10 ሰዎች ከበሽተኛው ጋር በአንድ ጎጆ ቢያድሩ 9ኙ እንደሚያዙ ይገመታል። ቫይረሱ ከገባ ከ10 ቀን ገደማ በኋላ ትኩሳት፣ ሳል፣ የአፍንጫ ፈሳሽና የዓይን መቅላት ይጀምራል፤ ከዚያም ጥቂት ቀናት ቆይቶ ሽፍታው ከፊትና ከጆሮ ጀርባ ተነሥቶ ወደ ታች ይወርዳል። ልብ ልንለው የሚገባው ነገር፣ ልጁ ሽፍታው ከመታየቱ 4 ቀን አስቀድሞ በሽታውን ማስተላለፍ መጀመሩ ነው። እናት «ጉንፋን ነው» ብላ አዝላው ገበያ ስትወጣ ወይም ለቅሶ ስትደርስ በሽታው ከመንደር ወደ መንደር ይሻገራል።

ልጅን የሚገድለው ከሽፍታው ጋር ተያይዞ የሚመጣው ነው፤ የሳንባ ምች፣ ብርቱ ተቅማጥ፣ ከ1000 በሽተኞች በአንዱ ገደማ ላይም የአንጎል ብግነት። ከሞት የተረፈውም ቢሆን ጆሮው መግል ሊይዝ፣ ቫይታሚን ኤ የጎደለው ከሆነ ደግሞ ዓይኑ ሊጠፋ ይችላል። ከዚህም በላይ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት ኩፍኝ ሰውነት ከቀደሙ በሽታዎች ጋር ታግሎ ያከማቸውን የመከላከያ ኃይል ከ11 እስከ 73 በመቶ የሚደርሰውን እንደሚደመስስ አሳይቷል። በመሆኑም ልጁ «ዳነ» ከተባለ ከብዙ ወራት በኋላ በሌላ በሽታ ሲሞት፣ ቤተሰቡ የኩፍኙን ነገር ረስቶታል፤ ሞቱም በኩፍኝ ላይ አይቆጠርም።

የተራበ ልጅ ላይ ሲሆን ነገሩ ይብሳል። እ.ኤ.አ. በ2021 ጦርነቱ ወደ ሰሜን ጎንደር ሲስፋፋ ከአዲ አርቃይና ከአካባቢው የተፈናቀሉ ብዙ ቤተሰቦች ደባርቅ ላይ ተጠጉ፤ በ2023ም ጃናሞራና በየዳ በድርቅ ተመቱ። ሕፃናት ከክትባት ቀናቸው መዘግየታቸው፣ በጠባብ መጠለያ መታጨቃቸውና መራባቸው በአንድነት ሲገናኙ ኩፍኝ የሚፈልገውን ሁሉ አገኘ ማለት ነው።

አንዳንድ ሰው ደግሞ «የእኛ መንደር ከአምባው ላይ ነው፤ በሽታ አይወጣበትም» ይላል። ለዚህ መልስ የሚሆን አንድ የታወቀ ታሪክ አለ። በሰሜን አውሮፓ ባሕር ውስጥ ያሉት የፋሮ ደሴቶች ከ1781 በኋላ ለ65 ዓመት ኩፍኝ አላዩም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1846 አንድ ሰው በመርከብ ይዞት ገባ፤ ከ7,800 ያህሉ ነዋሪ 6,000 ያህሉ በጥቂት ወራት ውስጥ ታመመ። ፒተር ፓኑም የተባለው ወጣት የዴንማርክ ሐኪም ሁኔታውን ሲመረምር፣ በ1781 በልጅነታቸው ታመው የነበሩ ሽማግሌዎች አንዳቸውም ዳግመኛ እንዳልተያዙ ተገነዘበ። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። ኩፍኝ አንድ ጊዜ ከያዘ ለዕድሜ ልክ ይበቃል፤ ለብዙ ዘመን ያልጎበኘው ገለልተኛ መንደር ግን የተጠበቀ መንደር አይደለም፤ ሲመጣበት ሕፃኑንም ጎልማሳውንም በአንድነት ይጥለዋል። አምባ ላይ ያለ መንደርም ገበያተኛ ወርዶ መውጣቱ አይቀርም።

በብዙ ቤት ኩፍኝ የያዘው ልጅ ከጨለማ ጥግ ይተኛል፤ እንግዳ እንዲገባ አይፈቀድም። እኛ ይህን ልማድ ከነጭራሹ አንነቅፈውም። ብርሃን የታመመውን ዓይን ይጎዳዋልና ጥላ ያሳርፈዋል፤ እንግዳ መከልከሉም በሽታው እንዳይዛመት ይረዳል። ጥፋቱ የሚመጣው «መርፌ ያባብስበታል» ተብሎ ልጁ ከሐኪም ሲደበቅ፣ ውኃና ምግብ ሲቀነስበት ነው። የታመመ ልጅ ጡት አዘውትሮ ይጥባ፤ ፈሳሽ በብዛት ይጠጣ፤ ከፍ ያለም ከሆነ በጥቂት በጥቂቱ ይብላ። ወደ ጤና ኬላ ወይም ወደ ጤና ጣቢያም ይወሰድ። ኩፍኝን ራሱን የሚገድል መድኃኒት ባይኖርም፣ በሁለት ተከታታይ ቀናት የሚሰጠው ቫይታሚን ኤ ዓይንንም ሕይወትንም ያተርፋል፤ የሳንባ ምችና ተቅማጥም የታወቀ ሕክምና አላቸው። ልጁ ትንፋሽ ካጠረው፣ መጥባት ካቃተው፣ የሚያንቀጠቅጠው ከሆነ ወይም ዓይኑ ከደፈረሰ አንድ ሌሊት እንኳ ማሳደር አይገባም።

ወደ ክትባቱ እንለፍ። ክትባቱ ኃይሉ የተዳከመ ሕያው ቫይረስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 ጆን ኢንደርስና ባልደረባው ቶማስ ፒብልስ በቦስተን ከታመመ ተማሪ ወስደው ቫይረሱን ለዩት፤ በ1963 የመጀመሪያው ክትባት ለአገልግሎት በቃ። ከተከተቡ ከሳምንት ገደማ በኋላ በአንዳንድ ልጆች ላይ ቀላል ትኩሳት ወይም ጥቂት ሽፍታ ቢታይ ሰውነት ትምህርቱን እየተቀበለ ነውና አያስደነግጥ።

ብዙ እናቶች «ሌላው ክትባት በአርባ ቀን ገደማ ሲጀመር የኩፍኙ ለምን ዘጠኝ ወር ይጠብቃል?» ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄው ብልህ ጥያቄ ነው። ሕፃኑ በማሕፀን ሳለ ከእናቱ የተቀበለው መከላከያ ለወራት አብሮት ይኖራል፤ ክትባቱ ቀድሞ ቢሰጥ ይኸው የእናት ስጦታ ያከሽፈዋል። በጣም ቢዘገይ ደግሞ የእናቱ መከላከያ አልቆ ልጁ ለበሽታው ይጋለጣል። በዘጠኝ ወራቸው ከተከተቡ 100 ልጆች 85 ያህሉ ይጠበቃሉ፤ የቀሩት 15 ግን ካርዳቸው ላይ «ተከትቧል» ቢባልም ሰውነታቸው አልተማረም። ሁለተኛው መርፌ ያስፈለገው ለእነዚህ ነው። ኢትዮጵያ የተስፋፋ የክትባት ፕሮግራሟን እ.ኤ.አ. በ1980 የጀመረች ሲሆን፣ በ15 ወር የሚሰጠውን ሁለተኛውን የኩፍኝ ክትባት በመደበኛነት ያስገባችው በ2019 ነው። ስለዚህ ትልልቆቹን ልጆቻቸውን አንድ ጊዜ ብቻ ያስከተቡ እናቶች «ለታላቁ አንድ በቅቶት ነበር» ቢሉ አይፈረድባቸውም፤ ማስረዳት ግን የእኛ ፈንታ ነው።

ቁጥሩን እንመልከት። ኩፍኝ በአንድ ማኅበረሰብ ውስጥ መተላለፊያ እንዲያጣ ከ100 ልጆች 95ቱ ሁለቱንም ክትባት ማግኘት አለባቸው። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ግን ከ12 እስከ 23 ወር ከሆናቸው ሕፃናት የኩፍኝ ክትባት ያገኙት 54 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከእነዚህ 85 በመቶው ይጠበቃል ብለን ብናሰላ፣ ከ100 ሕፃናት በእውነት የተጠበቁት 46 ናቸው። የቀረውን ጉድለት ለመሙላት በ2020ና በ2022 እንደ ተደረጉት ያሉ ሰፊ ዘመቻዎች ያስፈልጋሉ። ዘመቻ ሲመጣ «የእኔ ልጅ ተከትቧል» ብሎ መመለስ አይገባም፤ ተጨማሪ መርፌ አይጎዳም፤ ካልተማሩት 15ቱ አንዱ የእርስዎ ልጅ ሊሆን ይችላልና።

አሁን በብዙ ቦታ ስለማይነገር ጉዳይ ትንሽ እንቆይ። የኩፍኝ ክትባት ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ለ10 ልጅ በሚሆን ብልቃጥ ነው። በውስጡ ያለው ደረቅ ዱቄት ሲሆን ሊሰጥ ሲል በፈሳሽ ይበጠበጣል፤ ከተበጠበጠ በኋላ ከ6 ሰዓት በላይ ማቆየት ክልክል ነው፤ የተረፈው ይጣላል። ስለዚህ አንዲት እናት ብቻዋን ስትመጣ አንዳንድ የጤና ሠራተኛ ዘጠኙን ላለማባከን ሲል «ሌሎች ሲሰበሰቡ ተመለሺ» ይላታል። ቁልቁለቱን ወርዳ ወንዙን ተሻግራ፣ ልጅ አዝላ፣ ግማሽ ቀን የተጓዘች እናት ዳግመኛ ትመለሳለችን? ብዙውን ጊዜ አትመለስም። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ለአንድ ልጅም ቢሆን ብልቃጡ እንዲከፈት ነው፤ በእኛም አስተያየት ከሚጣለው መድኃኒት ይልቅ የሚጠፋው ልጅ ይበልጣል። ይሁን እንጂ በዚህ ላይ ከጤና ሠራተኛዋ ጋር ከመከራከር የሚሻል መንገድ አለ። ካቴኪስቱ በመንደሩ ዘጠኝ ወርና አሥራ አምስት ወር የሞላቸውን ልጆች ቆጥሮ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ክትባት የምትሰጥበትን ቀን ጠይቆ፣ እናቶቹ በአንድ ቀን አብረው እንዲወርዱ ቢያደርግ፣ ብልቃጡም አይባክንም፤ እናትም አትመለስም።

ለዚህ ሥራ የሚሆን መሣሪያ በእጃችን አለ፤ እርሱም የጥምቀት መዝገብ ነው። ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ሲጠመቁ የልደት ቀናቸው ይጻፋል። የወንዱ 40ኛ ቀን የክትባት መርፌዎች ከሚሰጡበት ከስድስተኛው ሳምንት ጋር መገጣጠሙም ለማስታወስ ይረዳል። ለመስቀል የተወለደ ልጅ ዘጠኝ ወሩ ሰኔ አጋማሽ ላይ ይሞላል፤ ይኸውም ክረምቱ ገብቶ ወንዝ የሚሞላበት ጊዜ ስለሆነ ቀኑ እንዳያመልጥ አስቀድሞ መምከር ይገባል። ሁለተኛው በታኅሣሥ፣ ከልደት በዓል በፊት ይውላል። ለጥምቀት የተወለደው ደግሞ የመጀመሪያውን በጥቅምት፣ ሁለተኛውን በሚያዝያ ይወስዳል። ዳባት ለመዝገብ እንግዳ አይደለችም፤ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በወረዳው በተመረጡ ቀበሌዎች ልደትንና ሞትን ቤት ለቤት ሲመዘግብ ኖሯል። የቁምስናችን መዝገብ ከዚያ ያነሰ ቢሆንም ስሙን የምናውቀውን ልጅ ይዟል።

ስለ ወሬም ጥቂት እንበል። «ክትባት ያመክናል» የሚለው ወሬ በየዘመቻው ይነሣል። የኩፍኝ ክትባት እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ በመላው ዓለም ሲሰጥ ኖሯል፤ በሕፃንነታቸው የተከተቡት ዛሬ ወላጆች፣ አያቶችም ሆነዋል። «የባዕድ ነገር ነው» የሚለውም ታሪክን አለማወቅ ነው። የደጋው አባቶቻችን ከፈንጣጣ በሽተኛ ቍስል ወስደው ጤነኛውን በመከተብ ከባዱን በሽታ ለመከላከል ይጥሩ ነበር፤ መንገዱ አደገኛ ቢሆንም ሐሳቡን ያውቁት ነበር። ፈንጣጣ በኢትዮጵያ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። «መርፌ ጾም ያስገድፋል ወይ?» ብሎ የሚጠይቅም አይጠፋም፤ አያስገድፍም፤ የዘጠኝ ወር ልጅም አይጾምም።

ሩቤላ የተለየ በሽታ ነው። ሽፍታው ኩፍኝን ስለሚመስል ብዙ ጊዜ ይምታታል፤ በልጅ ላይ ግን ቀላል ነው፤ ጥቂት ትኩሳት፣ የአንገት ዕጢ እብጠት፣ ሦስት ቀን ያህል የሚቆይ ሽፍታ። አደጋው ያለው በማሕፀን ላለው ፅንስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1941 ኖርማን ግሬግ የተባለ የአውስትራሊያ የዓይን ሐኪም የዓይን ሞራ ይዘው የተወለዱ ብዙ ሕፃናትን ባንድ ወቅት አየና እናቶቻቸውን ሲጠይቅ፣ አብዛኞቹ በእርግዝናቸው መጀመሪያ ሩቤላ ይዟቸው እንደ ነበር ተረዳ። እናት በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ከተያዘች ፅንሱ የመጎዳቱ ዕድል እስከ 90 በመቶ ይደርሳል፤ ሊጨነግፍ፣ ወይም መስማትና ማየት ተስኖት፣ ልቡ ታምሞ ሊወለድ ይችላል። እንዲህ ያለ ልጅ ሲወለድ እናቲቱን «ምን ኃጢአት ሠርታ ነው?» ብሎ የሚያማ መንደር አለና፣ ካቴኪስቶች ይህን ጠንቅቀው እንዲያስተምሩ አደራ እንላለን። ያገኛት ማንም ያላየው ቀላል ሽፍታ ሊሆን ይችላል።

የሩቤላ ክትባት ከኩፍኙ ጋር በአንድ መርፌ ተቀላቅሎ ይሰጣል። ኢትዮጵያ ለብዙ ዓመታት ስትሰጥ የኖረችው ግን ኩፍኝን ብቻ የሚከላከለውን ነው። ለዚህ ዓይነቱ ጥንቃቄ ምክንያት አለ። ሩቤላን የሚከተቡት ጥቂቶች ብቻ ከሆኑ በሽታው ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም፤ በልጅነታቸው ያልያዛቸው ሴቶችም አድገው በእርግዝናቸው ጊዜ ሊያገኛቸው ይችላል። ስለዚህ እ.ኤ.አ. እስከ 2024 ድረስ አንድ አገር ክትባቱን ከማስገባቱ በፊት ከ100 ልጆች ቢያንስ 80ውን መድረስ መቻል እንዳለበት ይመከር ነበር። ሁለቱ ክትባቶች በአንድነት ሲሰጡ ነፍሰ ጡር ሴት አትከተብም፤ የተከተበችም ለአንድ ወር ከመፀነስ ትቆይ። የታጩ ልጃገረዶችን ለምሥጢረ ተክሊል ስናዘጋጅ ይህን መናገር ይገባናል።

ከካቴኪስቶች የሚነሣ አንድ ሌላ ጥያቄ አለ፤ የሩቤላ ቫይረስ የሚራባው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በውርጃ ከጠፋ ፅንስ በተገኘ የሕዋስ ዘር ላይ ስለሆነ፣ ካቶሊካዊ ልጁን ሊያስከትብ ይችላልን? ጥያቄው ሊናቅ አይገባውም። የኩፍኙ ክፍል በአንዳንድ ክትባቶች የሚራባው በጫጩት ፅንስ ሕዋስ ላይ ስለሆነ በእነዚያ ጥያቄው እርሱን አይነካም። ስለ ሩቤላው ጳጳሳዊው የሕይወት አካዳሚ በ2005 ባወጣው ጽሑፍ ሌላ አማራጭ ክትባት እስካልተገኘ ድረስ ሕፃናትንና ነፍሰ ጡር እናቶችን ከከባድ አደጋ ለማዳን ወላጆች ሊጠቀሙበት እንደሚችሉ፣ ነገር ግን ከዚህ ነቀፋ ንጹሕ የሆነ ክትባት እንዲዘጋጅ መጠየቅ እንደሚገባ አስረድቷል። በ2017ም አካዳሚው ለሕፃናት ጤና የታዘዙት ክትባቶች በንጹሕ ኅሊና ሊወሰዱ እንደሚችሉ አረጋግጧል። ያ ውርጃ ስሕተት መሆኑን መመስከርና ዛሬ በጎረቤት ማሕፀን ያለውን ፅንስ ማዳን አይጋጩም።

በመንደራችሁ ትኩሳትና ሽፍታ ያለበት ልጅ ሲገኝ አንድ ልጅ ብቻ ቢሆንም ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በዚያው ቀን ንገሩ፤ ደም ተወስዶ ኩፍኝ ይሁን ሩቤላ የሚታወቀው እንዲሁ ነው። ሽፍታው ከወጣበት ቀን ጀምሮ አራት ቀን እስኪያልፍ ድረስ ልጁ ወደ ቅዳሴም ወደ ትምህርትም አይምጣ። ጸሎት ያስፈልገው እንደ ሆነ ካህኑ ወደ ቤቱ ይጠራ፤ የሚጠራውም ካህን በልጅነቱ ኩፍኝ ይዞት ወይም ተከትቦ እንደ ሆነ አስቀድሞ ይጠየቅ።